የወጋውም ይናገር፦ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረቦችን ትዝታ የማቆየት ጥረት

በ2022 መገባደጃ ጆርጅ ጆንሰን የተባሉ የ101 ዓመት አዛውንት በብሪታኒያ አረፉ። ወዳጆቻቸው “ጆኒ” እያሉ የሚጠሯቸው እኚህ ሰው፣ በግንቦት 1943 በምዕራብ ጀርመን የሚገኙ ታላላቅ ግድቦችን ለመደርመስ ከዘመቱት 133 የአየር ኃይል ባልደረቦች መካከል በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው ሰው ነበሩ። በዚያ ሌሊት ከተነሡት 19 አውሮፕላኖች 8ቱ አልተመለሱም፤ 53 ሰዎች ሞቱ፣ ሦስት ተማረኩ። ከግድቦቹ በታች ደግሞ ጎርፉ ከ1,200 በላይ ሰዎችን ጠርጎ ወሰደ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ናዚዎች ከምሥራቅ አውሮፓ በግዳጅ ያመጧቸው ሠራተኞች ነበሩ።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆንሰን ሲያርፉ፣ ስለዚያ ሌሊት “እርስዎ ምን አዩ? ምንስ አሰቡ?” ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ከአውሮፕላኖቹ ውስጥ አልቀረም። የቀረው፣ በሕይወት ሳሉ የተጠየቁትና የተቀዳው ብቻ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻዎቹ የበረራ ባልደረቦች ዛሬ ወደ መቶ ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው። ስለዚህ ትዝታቸውን የማቆየቱ ሥራ ከጊዜ ጋር የሚደረግ እሽቅድድም ሆኗል። ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ጥያቄም ተነሥቷል፦ ከተማ ላይ ቦምብ የጣለ ሰው ትዝታ የሚጠበቀው ለምን ዓላማ ነው?

ሰባት ሰዎች በአንድ አውሮፕላን

የብሪታኒያ ንጉሣዊ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ ዕዝ በጦርነቱ ዘመን ወደ 125,000 የሚጠጉ የበረራ ባልደረቦች ነበሩት። ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል 55,573ቱ ሞተዋል፤ ከመቶ አርባ አራት መሆኑ ነው። ላንካስተር በተባለው ግዙፍ አውሮፕላን ውስጥ ሰባት ሰዎች ይሳፈሩ ነበር፦ አብራሪው፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ አቅጣጫ መሪው፣ ቦምብ አነጣጣሪው፣ የሬድዮ ሠራተኛውና ሁለት መትረየስ ተኳሾች። አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። አንድ ዙር ግዳጅ እንደ ደንቡ ሠላሳ በረራ ሲሆን፣ ሠላሳውን ጨርሶ መውጣት እንደ ዕድለኛነት ይቆጠር ነበር።

ከነርቭ ጭንቀት የተነሣ መብረር ያቃተው ሰው ዕጣ ደግሞ ከባድ ነበር። በግል መዝገቡ ላይ “የሞራል ጽናት የጎደለው” የሚል ቃል ሊሰፍርበትና ማዕረጉን ሊገፈፍ ይችል ነበር። ዛሬ ሐኪሞች የጦርነት ሰቀቀን የሚሉት ሕመም በዚያን ጊዜ እንደ ፍርሃት ይታይ ነበር። ይህ ነውር ብዙዎችን ለአሥርተ ዓመታት ዝም አሰኝቷል፤ ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ያለፉ አሉ።

ዝምታው ግን የግል ብቻ አልነበረም። በሐምሌ 1943 በሐምቡርግ ላይ በተካሄደው ድብደባ ከ30,000 በላይ ሰዎች፣ በየካቲት 1945 በድሬስደን ደግሞ እስከ 25,000 የሚደርሱ ሰዎች አልቀዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ራሳቸው በመጋቢት 1945 መጨረሻ ለጦር አዛዦቻቸው በላኩት ማስታወሻ የጀርመን ከተሞች ድብደባ እንደገና እንዲታይ ጠይቀው ነበር፤ ማስታወሻው ኋላ ላይ በለዘበ ቃል ተተካ። ከጦርነቱ በኋላ ለቦምብ ጣይ ዕዝ ባልደረቦች የተለየ የዘመቻ ሜዳሊያ አልተሰጠም። በለንደን ግሪን ፓርክ መታሰቢያቸው የቆመው በ2012 ሲሆን፣ በሜዳሊያ ጥብጣብ ላይ የሚታከል ምልክት የተፈቀደላቸውም በ2013 ነው። ሰባ ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣው ይህ ክብር፣ ከሞቱት ሌላ በሕይወት ከተመለሱትም ብዙዎቹን አላገኛቸውም።

በሊንከን የተያዘው መንገድ

በምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው የሊንከንሺር አውራጃ በጦርነቱ ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መነሻ የሆኑ በርካታ ሰፈሮች ነበሩባት። በ2018 በሊንከን ከተማ የተከፈተው ዓለም አቀፍ የቦምብ ጣይ ዕዝ ማዕከል ወደ 58,000 የሚጠጉ ሟቾችን ስም በብረት ግድግዳዎች ላይ አስፍሯል። በመካከሉ የቆመው ሐውልት ቁመት 31 ሜትር ነው፤ ይህም የላንካስተር አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው።

ከግድግዳዎቹ ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊው የሚጠቅመው ግን ማዕከሉ ከሊንከን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቋቋመው ዲጂታል ቤተ መዛግብት ነው። በዚያ የበረራ ባልደረቦች፣ የመሬት ላይ ሠራተኞችና በዕዙ ያገለገሉ ሴቶች በድምፅ የሰጡት ቃል፣ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና የበረራ መዝገቦች ተሰብስበዋል። ከእነርሱ ጎን በጀርመንና በኢጣሊያ ከቦምቡ በታች የነበሩ ሰዎች ምስክርነትም ተቀምጧል። አድማጩ በአንድ ወገን በጨለማ ውስጥ የፀረ አውሮፕላን እሳት እያየ ዒላማውን የሚፈልገውን ወጣት፣ በሌላው ወገን በምድር ቤት ተጠልሎ የሞተሮችን ድምፅ የሚቆጥረውን ሕፃን ያገኛል።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላል የአገራችን ሰው። የሊንከኑ ሥራ ፋይዳ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የተወጋው አይረሳም፤ ከተረፈ ይናገራል፣ ካልተረፈም መቃብሩ ይናገራል። ሊጠፋ የሚችለው የወጋው ቃል ነው። እርሱ ከጠፋ ደግሞ ትእዛዙ እንዴት እንደ ወረደ፣ ሰውየው ምን እንደ ተነገረው፣ ምን እንዳመነና ምን እንደ ጠረጠረ የሚያስረዳ አይገኝም።

ትዝታና ሰነድ

እርግጥ ነው፣ ትዝታ ብቻውን የታሪክ ዳኛ አይሆንም። ከሰባ ዓመት በኋላ የሚነገር ታሪክ ኋላ በተነበቡ መጻሕፍትና በታዩ ፊልሞች ይቀባል፤ ቀኖች ይምታታሉ፣ የሌላው ጓደኛ ገጠመኝ የራስ ይሆናል። የቃል ታሪክ ባለሙያዎች የተቀዳውን ቃል ከበረራ መዝገቦችና ከስኳድሮኖች የዕለት ዘገባ ጋር የሚያመሳክሩት ለዚህ ነው። የበረራ መዝገቡ አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደ ተነሣና ወዴት እንደ ሄደ በእርግጠኝነት ይናገራል። ከተመለሱ በኋላ በቁርስ ገበታ ላይ ባዶ የቀሩትን ወንበሮች ግን አይናገርም። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከኢትዮጵያ ርቆ መሄድ አያሻም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሠራዊትና ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይህንን በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናገሩ፤ የቀይ መስቀል ሐኪሞችም መሰከሩ። ከጣዮቹ ወገን፣ በዘመቻው የበረረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ድብደባውን እንደ ስፖርት አድርጎ ተርኮታል። በጦርነቱ የተሳተፈው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ደግሞ ጋዝ እንዳልተጣለ ለአሥርተ ዓመታት ሲከራከር ኖረ፤ እርሱ አላየምና። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ እየጠቀሰ ሞገተው። በ1996 የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን ሲያምን ሞንታኔሊም ስሕተቱን ተቀበለ። የኢትዮጵያውያኑ ቃል ከመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ተቀባይነት ለማግኘት ግን የወጋው ወገን መዝገብ እስኪከፈት ስድሳ ዓመት ፈጀበት።

የተዘነጉ ድምፆች

የማን ትዝታ ተጠበቀ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በብሪታኒያ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ወጣቶችም በረዋል። የሴራሊዮኑ ጆን ሄንሪ ስማይዝ አቅጣጫ መሪ ሆነው ሲያገለግሉ በ1943 አውሮፕላናቸው ተመቶ በጀርመን ተማረኩ፤ ኋላም የአገራቸው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። የትሪኒዳዱ አልሪክ ክሮስ ሰማንያ ጊዜ ከበረሩ በኋላ ሕግ አጥንተው፣ በታንዛንያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ እስከ መሆን ደርሰዋል። የጉያናው ሳይ ግራንት በሆላንድ ሰማይ ላይ ተመትተው ሁለት ዓመት በምርኮ ቆዩ። በእርጅና ዘመናቸውም፣ የካሪቢያን በራሪዎች ስም ከታሪክ እንዳይጠፋ የኢንተርኔት መዝገብ እንዲቋቋም አደረጉ። ይህንን ሥራ የጀመረው መንግሥት አልነበረም፤ ከራሳቸው ከባለ ታሪኮቹ አንዱ ነበሩ።

ለቀጣናው የቀረ ጊዜ

በአፍሪካ ቀንድ ይህ ጉዳይ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። በ1988 ብቻ ሁለት ታላላቅ ድብደባዎች ተፈጽመዋል። በሰኔ ወር፣ በገበያ ቀን፣ የደርግ አውሮፕላኖች የትግራይዋን ሐውዜን ደበደቡ። በዚያው ክረምት ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ራሷን አፈራረሱ። ዛሬ በከተማዋ እምብርት የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ያንን ያስታውሳል። ከአብራሪዎቹ አንዱ ቦምቡን በከተማ ላይ አልጥልም ብሎ አውሮፕላኑን ወደ ጅቡቲ ማብረሩም እስካሁን በክብር ይነሣል።

በሐውዜንም በሐርጌሳም የተጎጂዎች ትዝታ ሕያው ነው። የጣዮቹና የተጣለባቸው ቃል ጎን ለጎን የሚቀመጥበት የጋራ ቤተ መዛግብት ግን አልተቋቋመም። ምክንያቱ አይሰወርም። የሚናገር ሰው በሕግ መጠየቅን፣ መገለልንና በቀልን ይፈራል። ተጎጂውም ገዳዬ ሊወደስ ነው ብሎ ይሰጋል። የሊንከን ተሞክሮ ለዚህ የተሟላ መልስ የለውም፤ የዚያ ጦርነት አሸናፊ ታውቋል፣ አብዛኛው ቂምም በርዷል። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፦ ቃልን መቀበል ማለት ምሕረት መስጠት ማለት አይደለም፤ መስማትና መፍረድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በፊት የበረሩ የቀጣናው አብራሪዎች ዛሬ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው። ለጆንሰን ትውልድ ያለቀው ጊዜ ለእነርሱ ገና አላለቀም። በሱዳን እንደሚታየው ድሮን የሚመራው ወታደር ከዒላማው ርቆ በሚቀመጥበት በአሁኑ ጦርነት ደግሞ፣ ነገ ሊጠየቅ የሚገባውን ሰው ማግኘቱ ይበልጥ ይከብዳል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ዛሬ ያልተቀዳው ቃል ነገ ለክርክር እንጂ ለታሪክ አይተርፍም።