«ይህ ከወዴት መጣልህ?»

ሹመት አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰውም ሲቀበል ምን እንደ ነበረው፥ ሲያስረክብ ምን እንደ ያዘ ቢጠየቅ ሊቈጣ አይገባውም። ነገር ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በየቤቱ ሲነገር ስለ ኖረ፥ ሹምን ስለ ሀብቱ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይታያል፤ ዝምታም እንደ ጨዋነት ይቈጠራል። የዚህን ልማድ ፍጻሜ ለማየት ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ካርቱም መመልከት ይበቃናል።

በዐረብኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ «ሚን አይነ ለከ ሃዛ» የሚል አሮጌ ጥያቄ አለ፤ ትርጓሜውም «ይህ ከወዴት መጣልህ?» ማለት ነው። ኸሊፋ ዑመር አገረ ገዥ ሲሾሙ ሀብቱን አስቀድመው ያስመዘግቡ፥ በሹመቱ ዘመን ያለ አግባብ ከጨመረውም ይወርሱ እንደ ነበረ ይተረካል። ሱዳንም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1989 ያለ አግባብ መበልጸግን የሚከለክል ሕግ አላት፤ ሕጉም ከፍተኛ ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስታውቁ ያዛል። ዑመር ሐሰን አልበሽር ሥልጣን የያዙት በዚያው ዓመት ነው።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. የአትባራ ሕዝብ በዳቦ ዋጋ መወደድ ተቈጥቶ አደባባይ ወጣ፤ በሚያዝያም አልበሽር ከሥልጣን ወረዱ። በመኖሪያቸውም ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ዩሮና ከ350 ሺህ በላይ ዶላር ተገኘ። ለፍርድ ሲቀርቡ ከሳዑዲ ዐረቢያ አልጋ ወራሽ 25 ሚሊዮን ዶላር መቀበላቸውን አምነው፥ ለግል ጥቅማቸው ግን እንዳላዋሉት ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሙስናና የውጭ አገር ገንዘብ ያለ ሕግ በመያዝ ጥፋተኛ አድርጎ፥ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ስለ ሆነ በማረሚያ ተቋም 2 ዓመት እንዲቈዩ ፈረደ፤ ገንዘቡም እንዲወረስ አዘዘ። እንግዲህ ሕዝቡ ዳቦ ሲያጣ፥ ከቤተ መንግሥቱ የተከማቸውን የሚጠይቅ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ነበር፤ ደፍሮ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም።

በአገራችንም የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቍጥር 668/2002 ወጥቷል። ተሿሚው፥ ተመራጩና የመንግሥት ሠራተኛው የራሱን፥ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ሀብት እንዲያስመዘግብ፥ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድስ ይደነግጋል። ነገር ግን ቅጹ ተሞልቶ በመሳቢያ ቢቈለፍ፥ አስቀድሞ የተጻፈውንም ኋላ ከተሠራው ቤትና ከባንኩ ሒሳብ ጋር የሚያስተያይ ባይኖር፥ ከወረቀትነት አያልፍም።

አዋጁ የቤተ ሰብን ሀብት መጨመሩን አንባቢዎቻችን ልብ ይሏል። የባሏን ደመወዝ የምታውቅ ሚስት ከደመወዙ በላይ የሆነ ዕቃ ሲገባ «ይህ ከወዴት መጣ?» ብላ ብትጠይቅ፥ ከማናቸውም መርማሪ ቀድማ ቤቷን ትጠብቃለች። ንጹሕ ሹምም በመዝገቡ ይጠቀማል፤ ሐሜት ሲነሣበት የሚመሰክርለት እርሱ ነውና። ስለዚህ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ጥያቄውን ከሌላ ሳንጠብቅ ለራሳችን እናቅርብ፤ መልሱንም ልጆቻችን እየሰሙ ልንናገረው የምንችል እንሁን።