ዊልቸር ሲመረጥ መንገዱ ይጠየቅ

በቤቱ ውስጥ ምርኩዝ ይዞ የሚንቀሳቀስ፣ ረጅም መንገድ ግን የሚያቅተው አዛውንት በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ዊልቸር ሲፈለግ «አልፎ አልፎ ለሚወጣበት ቀላሉና ታጣፊው ይበቃዋል» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ለሆስፒታል ኮሪደርና ለአስፋልት መንገድ ይስማማ ይሆናል፤ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ ግን አይበጅም እንላለን። በቤቱ ውስጥ የሚራመድ ሰው ዊልቸሩን የሚሻው ወደ ገበያ፣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነው። እንግዲህ አልፎ አልፎ የሚጠቀምበት ሰው ወንበሩን የሚያውለው በኮረኮንቹና በዳገቱ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩን በፊዚክስ እንመዝነው። ከሌላ ሰው ግፊት በቀር በተቀማጩ እጅ የማይንቀሳቀሱት ቀላል ወንበሮች አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ጎማዎቻቸው ትናንሽ ናቸው። ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ድንጋይ እንዲወጣ በአግድም የሚያስፈልገው ጉልበት ከተሸከመው ክብደት 1.7 እጥፍ ያህል ነው። ራዲየሱ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነው ጎማ ግን የክብደቱ 0.66 ያህል ይበቃዋል። ድንጋዩ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነማ ትንሹን ጎማ የቱንም ያህል ብርቱ ሰው በአግድም ገፍቶ አያሻግረውም። አንባብያን በድንጋዩ ጫፍ ዙሪያ ያለውን ቶርክ አስልተው ሊያረጋግጡት ይችላሉ።

በእርግጥ የኋላ ጎማዎቹ ትልልቅ የሆኑ ወንበሮችም የፊት ጎማቸው ትንሽ ነው። ነገር ግን ገፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደል ሲያደርገው ክብደቱ ሁሉ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ድንጋዩንም የሚያልፉት እነርሱ ናቸው።

«ትልቅ ጎማ ያለው ወንበር ይከብዳል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም በየ6 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ 8 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ክብደት በገፊው ላይ የሚያክለው ጫና 1.5 ኪሎ ግራም እንኳ ከሚመዝን ዕቃ አይበልጥም። ክብደቱ ይበልጥ የሚሰማው ወንበሩ ተነሥቶ ባጃጅ ላይ ሲጫን ነው፤ ያም የአንድ አፍታ ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ተስማሚ ዊልቸር የሚባለው ከተጠቃሚው ፍላጎትና ከአካባቢው ሁኔታ ጋር የሚጣጣም፣ ለሰውነቱ ልክ የሆነ፣ አደጋ የማያስከትልና በአገር ውስጥ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊጠገን የሚችል ነው። ስለዚህ አስቀድመን የምንጠይቀው የኋላ ጎማው የብስክሌት ጎማ ያህላል ወይ፣ ፍሬኑ በቁልቁለት ይይዛል ወይ፣ ጎማው ቢተነፍስ በቅርብ የሚጠግነው ይገኛል ወይ ብለን ነው። ቅለቱ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ቁልቁለቱ ሲበረታም ወንበሩን አዙሮ፣ ገፊው ከታች ሆኖ፣ ወደ ኋላ ቀስ እያሉ መውረድ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። መብቱ ከወረቀት ወርዶ ደጅ የሚደርሰው ግን ኮረኮንቹን በሚችል ጎማ ነው። ያልሆነ ወንበር ከተገዛ ጥግ ይዞ ይቀራል፤ ባለቤቱም አብሮት። እናንት ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ወንበር ከመገዛቱ በፊት ሜትር ይዛችሁ በመንገዱ ላይ ያለውን ትልቁን ድንጋይ ለኩ።