የአቀንጭራ አበባና የካሜራ ዓይን

ካሜራ የወሎን ምድር በብርቱ የጎበኘው በመከራው ዘመን ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶች ክፍል የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች መሣሪያቸውንና መድኃኒታቸውን በአጋሰስ አስጭነው ተከትለውት ነበርና፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ሽጉጣቸውን ጠጥተው ባለፉበት አምባ ገደሉን፣ በሩንና ድል አድራጊውን ሠራዊት እያነሡ ለታሪክ አስቀሩት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ግን በሕይወት ሳሉ የተነሡት ነው ተብሎ የታወቀ ፎቶግራፍ የላቸውም፤ በየቤቱ ግድግዳ የምናየው ሹሩባቸውና ግርማቸው ከሠዓሊ እጅ የወጣ ነው። ገና ሕፃን የነበረው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በአንጻሩ፣ በዚያው ዓመት ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀምጦ የተነሣው ምስል ዛሬም አለ፤ የዚያ ልጅ የኀዘን ፊት የሚያየውን ሁሉ ዝም ያሰኛል።

ሁለተኛው ጉብኝት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ሲፈጀው፣ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መጥቶ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቀረበ በኋላ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ደግሞ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣው ምስልና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ያሰማው ቃል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተሠራጭቶ ዓለምን አስደነገጠ፤ ሐምሌ 6 ቀንም ሙዚቀኞች በለንደንና በፊላዴልፊያ ተሰብስበው ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ ትርኢት አደረጉ።

እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ ብዕሬን አላነሣሁም። አሚን በ1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ፣ ካሜራውም ስንት ነፍስ ያተረፈ ሰው ነውና፣ ከወሎ ልጅ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ይሁን እንጂ ነፍስ ለማዳን የተነሣ ምስል ሌላ ነው፣ ለአገር መታሰቢያ የሚሆን ምስል ሌላ ነው። ነፍስ አዳኙ ምስል ሰሚው ፈጥኖ እጁን እንዲዘረጋ የሚጮኽ ስለ ሆነ፣ የሰውየውን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ከዚያች ቀን በፊት የነበረውንና ከዚያች ቀን በኋላ የሆነውን ለመንገር ፋታ የለውም። ጩኸቱ ካለፈም በኋላ ምስሉ አላለፈም፤ በባዕድ አገር ወሎ ሲባል ያ የኮረም ሜዳ በዐይነ ልቡና የሚመጣ ሆነ፤ ከዚህም የሚከፋው እኛው ራሳችን አገራችንን በዚያው ዓይን ማየት መልመዳችን ነው። በወልድያም ሆነ በመርሳ ስለ አገሩ ፎቶግራፍ የተጠየቀ ሰው ወይ የረኃቡን ያነሣል፣ ወይ የላሊበላን ይጠራል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የገዛ ቀዬውን ለምስል የበቃ ነው ብሎ የሚቆጥር ጥቂት ነው።

ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ መንገደኛም ቢሆን ልማዱ ይኸው ነው። ወልድያ አድሮ ቁርሱን ይበላል፣ መኪናው የድልብን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ያንቀላፋል፣ ካሜራውን ከማኅደሩ የሚያወጣው ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው። ቅዱሱን ስፍራ ማሳነሴ አይደለም፤ ግን ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ፣ ስሪንቃን አልፎ፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ መርሳ ገብቶ፣ ማንጎና ብርቱካን በመንገድ ዳር ደርድረው ከሚሸጡት ሴቶች ዘንድ አረፍ ብሎ፣ ከዚያም በውርጌሳ በኩል ወደ ውጫሌ የዘለቀ ሰው፣ በየኪሎ ሜትሩ አንድ የሚነበብ ገጽ ያልፋል። ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ ከኢጣልያ ጋር የተደረገው አወዛጋቢ ውል የተፈረመባት ስፍራ ናት፤ ዛሬ የሚያልፍባት መንገደኛ ግን አብዛኛው ከመስኮቱ ቀና ብሎ እንኳ አያያትም።

ስለ ሥነ ፍጥረት ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ክረምቱ ወጥቶ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ማኅሌተ ጽጌ በየደብሩ በሚቆምበት በዚያ ደስ በሚለው ወራት፣ በመርሳ ዙሪያ ባለው በሀብሩ የማሽላ ማሳ ውስጥ፣ ከአገዳው ግርጌ፣ ሐምራዊ መልክ ያለው ትንንሽ አበባ ዘርዘር ብሎ ይፈካል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ብርሃኗ በአገዳው መካከል ሾልኮ ያን አበባ ሲነካው፣ ቅጠሉ በአንድ ወገን ሲያበራ በሌላው ወገን ሲጠቁር፣ ከዚህ የበለጠ ለካሜራ የሚመች ነገር በአገሩ ያለ አይመስለኝም። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ በደስታ ይንበረከካል፤ የሚያነሣውም ምስል በእርግጥ ውብ ይሆናል። የማሳው ባለቤት ግን ያ አበባ አቀንጭራ መሆኑን ያውቃል። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን የሚመጥጥ፣ ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ አስቀድሞ ጉዳቱን የሚያደርስ፣ አንዱ ተክል ብቻውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከትቢያ የደቀቀ ዘር የሚበትን፣ ዘሩም ብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የማሽላ ሥር በአጠገቡ ሲያልፍ የሚነቃ የገበሬ ጠላት ነው። በስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሊቃውንት የደከሙበት፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም ድርቅንና ይህንኑ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉበት ጉዳይ ነው። እንግዲህ እንግዳው ውበቱን ባየበት ቦታ ገበሬው የጎተራውን ጉድለት ያያል።

ታዲያ የአቀንጭራን አበባ አታንሡ ማለቴ ነውን? በፍጹም አይደለም። አበባው ውብ ነው፤ ውበቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ላይ፣ ውበቱንም ጥፋቱንም፣ ማየት የሚችለው በአገሩ ውሎ የሚያድር ዓይን ነው፤ ሥዕሉን ከነስሙ፣ ከነማሳው፣ ከነዓመቱ አድርጎ ማስቀመጥ የሚችለውም እርሱ ነው። ለየቀኑ ፎቶግራፍ አንሺ ጠበቃ ሆኜ የምከራከረው ስለዚህ ነው። መንገደኛው ፎቶግራፍ አንሺ የሚያስደንቀውን ይፈልጋል፤ ነዋሪው ግን የሚያስደንቀው ነገር ካለቀ በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው።

ስሙና ቀኑ ከተጻፈ ምስል ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ ከዚያው ከ1860ው ዘመቻ ይገኛል። ወታደሮቹ ያነሧቸው የሰሜን ኢትዮጵያ ምስሎች መቼና የት እንደ ተነሡ የታወቀ ስለ ነበር፣ በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ምሁር የሆኑት ያን ኒሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከ140 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ተራሮች ከዚያው ስፍራ ቆመው በዚያው አቅጣጫ አነሡና አሮጌውን ከአዲሱ አስተያዩት። በ2001 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በምስሎቹ በታዩት ቦታዎች ምድሪቱ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመንም የተራቆተች ነበረች፤ የዛፉም ብዛት፣ የአፈር ጥበቃውም ሥራ ዛሬ ከያኔው ይሻላል። በአያቶቻችን ዘመን አገሩ ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር እያልን ስንተርክ ለኖርነው ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወታደሩ ካሜራውን ሲተክል ስለ ዛፍ ያሰበ አይመስለኝም፤ ያሰበው ስለ ጦር መንገድ ነው። እርከን ሲሠራ የዋለው ገበሬም የድካሙ ምስክር በእንግሊዝ አገር በወታደር መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቆየው ከቶ አልጠረጠረም።

በቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳር የሚባለው መጽሐፍ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ለየዕለቱ የሚነበብ አለው፤ የታላቁ ሰማዕትም፣ ስሙ እምብዛም የማይጠራው ባሕታዊም ቀናቸው ሲደርስ ይነበባሉ። የአገሩ ፎቶግራፍ አንሺ ሥራም በዚህ ሥርዓት ቢሄድ እወዳለሁ፤ እኔም በአቅሜ በዚሁ ለመሄድ እሞክራለሁ። ከመርሳ ድልድይ አጠገብ ሆኜ ወንዙን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ አነሣለሁ፣ ከምስሉም ጎን ቀኑንና ያየሁትን በጥቂት ቃል እጽፋለሁ። ሰኔ መግቢያ ላይ ወንዙ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ልብስ አጣቢዎቹ በቀረችው ኩሬ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ የታጠበውም ነጠላ በትኩሱ አለት ላይ ተዘርግቶ ወዲያው ይደርቃል። ነሐሴ ሲሆን ያው ወንዝ ከደጋው ያመጣውን ቀይ አፈር ይዞ እየደነፋ ይወርዳል፣ ግንድም ቅርንጫፍም ያንከባልላል፤ ሰው ሁሉ በዳር ቆሞ ያያል እንጂ የሚጠጋው የለም። ጥቅምት ላይ ውኃው ጠርቶ ልጆች ይዋኙበታል። እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንዱን ብቻ ካየው የተለየ ወንዝ ያውቃል። ሰኔን ብቻ ያየው ስለ ድርቅ ይጽፋል፤ ነሐሴን ብቻ ያየው ስለ ጎርፍ ይጽፋል፤ ወደ ጋዜጣ የሚላከውም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ፎቶግራፍ ትዝታን ይገድላል፣ ምስሉ ሲኖር ልብ ይሰንፋል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በተለይ በተንቀሳቃሽ ስልክ በሠርግና በለቅሶ ሳይቀር ያለ ልክ የሚያነሡትን ሳይ እኔም እጠራጠራለሁ። አንባሰልና ባቲ በወሎ አገር ስም የተጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ይህ ሕዝብ ያለ ካሜራ ናፍቆቱን በዜማ ጠብቆ ለመኖር የቻለ ነው ቢባል እውነት ነው። ሆኖም ቅኝት ስሜትን እንጂ ፊትን አያስቀምጥም። የእናትህን ናፍቆት በማሲንቆ ልትሰማው ትችላለህ፤ የቅንድቧን ቅርጽ ግን ማሲንቆው አይነግርህም።

ስለ ፊት ካነሣሁ ዘንድ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በወልድያም በመርሳም ፎቶ ቤት ገብቶ መነሣት ትልቅ ነገር የነበረበት ዘመን ነበር። ደንበኛው ሐይቅና የዘንባባ ዛፍ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ ወይም የፕላስቲክ አበባ ባለበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣል፤ ወሬ የማይሰማበትን ስልክ ጆሮው ላይ ያስጠጋል፣ ባትሪ የሌለውን ራዲዮን ያቅፋል። ፎቶ አንሺው አገጩን በጣቱ ቀና ያደርግለታል፣ የሸሚዙን ክሳድ ያስተካክልለታል፣ አትተንፍስ ይለዋል። ከዚያም ጥርሳማ ጠርዝ ያላት ትንሽ ካርድ ትወጣለች፤ በጀርባዋ ለማልረሳህ ወንድሜ፣ ይህን ምስሌን አይተህ አስታውሰኝ ተብሎ በሰማያዊ ብዕር ይጻፍና ለወታደር፣ ለተማሪ፣ ወደ አሰብም ወደ አዲስ አበባም ለሥራ ለሄደ ዘመድ ይላካል። ረኃቡ ወሎን በፈጀበት በዚያው በ1966 ዓ.ም. እንኳ ዘንጦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ፎቶ ቤት የገባ ወሎዬ አልነበረም ይባላልን? እርሱን ግን ከአልበሙ ባለቤት በቀር ማን አየው?

ይህ ቅርስ በሚያሳዝን ሁኔታ እየጠፋ ነው። አሮጌው የአሲቴት ፊልም በሙቀት ሲቆይ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ይጨማደዳል፤ ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ወራሾቹ ኔጋቲቩን ከአሮጌ ዕቃ ጋር ይጥሉታል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት በተያዙበት ወራት፣ ከቤቱ ሸሽቶ የወጣ ሰው አልበም ይዞ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም፤ የቀረውም ፍተሻን ፈርቶ የስልኩን ምስል በገዛ እጁ አጠፋ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የጥንት ፎቶግራፎችን ሲሰበስብ ኖሯል፤ በአይዳ ሙሉነህ የተመሠረተው አዲስ ፎቶ ፌስትም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲያሰባስብ ቆይቷል። ግን የመርሳ ብርቱካን ሻጭ ሴት የወጣትነት ምስል እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መዝገብ ቤት አይገባም፤ የሚሰበስበው እዚሁ ያለ ሰው ነው።

ለዚህ የሚመጥን ቤት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሰሜን ወሎ ዞን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትም አብሮት ቢቆም ሥራው ይቀላል። የሚያስፈልገው ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበት የሌለበት አንድ ክፍል፣ አንድ ጥሩ ስካነር፣ የፎቶ ቤት ባለቤቶችንና ወራሾችን ዕቃችሁ አይወሰድባችሁም፣ ቅጂው ብቻ ይቀራል ብሎ የሚያሳምን ሰው ነው። ከስካነሩ በፊት ደግሞ፣ በምስሎቹ ውስጥ ያሉትን በስም የሚያውቁ አረጋውያን ገና በሕይወት ሳሉ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አልበም ተገልጦ፣ ጸሐፊ ባጠገባቸው ተቀምጦ፣ ይህ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ በየትኛው ዓመት ነው እየተባለ በእርሳስ መጻፍ አለበት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የሚሉ ተማሪዎች እንዳሉ እሰማለሁና፣ ርእሱ ይኸውላቸው።