የበሩ ገንዘብና የሜዳው ዕዳ

ኳስ ወዳድ በተሰበሰበበት ሁሉ የሚነሣና እልባት የማያገኝ አንድ ክርክር አለ። በገዳሪፍ ገበያ ዙሪያ ባሉ ሻይ ቤቶችም ሆነ ከድንበሩ ማዶ በመተማ ዮሐንስ ቡና ቤቶች መልኩ ያው ነው። አንዱ፣ «ለሰፈር ቡድን ጨዋታ ከፍሎ መግባት ምን ይባላል? በዚያው ገንዘብ ዲሽ ያለበት ቤት ገብቶ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጡ የእንግሊዝን ኳስ ማየት ሲቻል!» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «የገዛ ልጅህን አንተ ካልደገፍከው ማን ይደግፈዋል?» ብሎ ይመልሳል። አንደኛው በዋጋ፣ ሁለተኛው በፍቅር ይሟገታሉ። ዋናውን ጥያቄ ግን ሁለቱም ስተውታል። የታችኛው ሊግ ትኬት ውድ ነው ወይስ ርካሽ ከማለት በፊት፣ በር ላይ ገንዘቡን የተቀበለው ወገን ለከፋዩ ምን ዕዳ እንደ ገባ መጠየቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ተከራካሪ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በገዳሪፍ እርሻዎች ሰሊጥ ሲያጭድ፣ ማሽላ ሲቆርጥ የሰነበተ የቀን ሠራተኛ ከኪሱ የሚያወጣት እያንዳንዷ ሳንቲም ላቡ ናት። ያን ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት ሜዳ አቧራማ ነው፤ መቀመጫው በፀሐይ የጋለ ሲሚንቶ ነው፤ ጨዋታው በተባለው ሰዓት ላይጀመር ይችላል። በስክሪኑ ላይ ግን የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ይታያሉ። ኳስ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በጥራቱ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የታችኛው ሊግም ትኬት መቁረጡን ትቶ በሩን መዝጋት ይኖርበታል።

ነገር ግን ሚዛኑ ራሱ የተሳሳተ ነው። የሩቁ ክለብ ያን ተመልካች አያውቀውም፤ ቢቀርበትም አይጎድልበትም። ሀብቱ የሚመጣው ከቴሌቪዥን ውልና ከታላላቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ነው። የትንሹ ክለብ ነገር ሌላ ነው። እዚያ መቶ ሰው ከበር ቀረ ማለት ለቀጣዩ ጨዋታ የመኪና ኪራይ ጎደለ፣ ኳስ ሳይገዛ ቀረ፣ የተጎዳ ልጅ ሳይታከም ቀረ ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ተመልካቹ በስክሪን ቤት የሚከፍለው ለማየት ነው፤ በሰፈሩ ሜዳ በር ላይ የሚከፍለው ግን የሚያየው ነገር ነገም እንዲኖር ጭምር ነው።

ትክክለኛ ዋጋ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ዋጋ ማለት እንዳልሆነም ኳስ ተመልካቹ ከጥንት ያውቃል። የአዲስ አበባ ስታዲየም የቦታ ስሞች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ። ባለሥልጣኑና ነጋዴው በአንድ ወገን፣ ሊስትሮውና ተማሪው በሌላ ወገን እንደ አቅማቸው ከፍለው ይገቡ ነበር። ዘጠና ደቂቃው ግን ለሁሉም አንድ ነበር። «ከማን አንሼ» የሚለው ስም ራሱ ሙሉ ሐተታ ነው፤ በኪሱ የተለየ ሰው በስሜቱ ከማንም አላንስም የሚልበት ቦታ። ትኬት ፍትሐዊ የሚሆነው ድኻውን ከሜዳው ሳያስቀር ክለቡን ሲያቆም መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ሁለተኛው ተከራካሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍቅር ካለ ዋጋ አይጠየቅም ይላል። ይህ አባባል ለጆሮ ቢጣፍጥም የብዙ ጉድለት መሸፈኛ ሆኖ ኖሯል። ደጋፊው ስለ ፍቅሩ ብቻ እንዲከፍል የሚጠየቅ ከሆነ፣ ተቀባዩ ስለ ምንም ነገር አይጠየቅም ማለት ነው። ትኬት ሳይቆረጥ በእጅ የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ በትውውቅ በጎን በር የሚገባ ሰው፣ የት እንደ ደረሰ የማይታወቅ የወቅቱ ገቢ፤ እነዚህ ሁሉ «ለክለባችን ስንል» በሚል ቃል ሲሸፈኑ ይኖራሉ። በመግቢያው ሁለት ጊዜ የሚጎዳው በሐቅ ከፍሎ የገባው ሰው ነው፤ አንድም ገንዘቡን ይሰጣል፣ አንድም ገንዘቡ የደከመለትን ቡድን ሳያቆምለት ይቀራል። ሂሳብ የሚጠይቅ ደጋፊ ከሐዲ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ ክለቡን የሚወድ እርሱ ነው።

ከገዳሪፍ በመተማ በኩል የሚወጣው መንገድ የሚያደርሰው ጎንደር ነውና፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ታሪክ ለዚህ ክርክር የቅርብ ምሳሌ ይሆናል። ፋሲል በ2008 ዓ.ም. የተወዳደረው በከፍተኛ ሊግ፣ ማለትም በሁለተኛው እርከን ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። በታችኛው እርከን ሳለ በር ላይ ከፍሎ የገባው ተመልካች ትኬቱ ትርፍ አስገኝቶለታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የነገውን ሻምፒዮን ገና በለጋነቱ፣ በገዛ ሜዳው አይቷልና።

የሚያሳዝነው የታሪኩ መጨረሻ ነው። ፋሲል ዋንጫውን ባነሣበት ዓመት ሊጉ በዙር በተመረጡ ከተሞች፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተሰባስቦ ተካሄደ። ጎንደር ከነዚህ አንዷ አልነበረችም። ወረርሽኙም በተመልካች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር። ገደቡ ከተነሣ በኋላ ግን በየከተማው ተሰባስቦ የመጫወቱ ሥርዓት ቀጠለ፤ ከፍተኛ ሊጉም በዚሁ መንገድ ሄደ። ለእንዲህ ያለው ደጋፊ የትኬት ዋጋ ማለት በሩ ላይ የሚከፈለው ብር ብቻ መሆኑ ቀረ። ከጎንደር ሐዋሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ ሁሉ የትኬቱ ዋጋ ሆነ።

ለዚህ አሠራር የሚከራከሩት ወገኖች ምክንያት አላቸው። ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦች ከዚያ በፊት የማያውቁትን ገቢ አገኙ፤ ተጫዋቾች በውጭ አገር የመታየት ዕድል አገኙ፤ ለስርጭት የሚበቃ ሜዳም በየከተማው አልነበረም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም የቴሌቪዥኑ ገንዘብ የሚደርሰው ላይኛው እርከን ጋ ነው። ታችኛው ሊግ የስርጭቱን ገቢ ሳያገኝ ተመልካቹን ብቻ ከተነጠቀ ምን ይቀረዋል? ክለቡ ያደገበት ከተማ ልጁን የሚያየው በወሬ ብቻ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ልቡን ለማን ይሰጣል? ለስክሪኑ ነዋ! ስለዚህ ከውድ ትኬት የሚብሰው ጭራሹን በር የሌለው ሜዳ ነው።

ሱዳን ውስጥ ደግሞ ይህ ነገር በከፋ መልኩ ደርሷል። በአገሪቱ ሥርዓት እያንዳንዱ ከተማ የራሱ የኳስ ማኅበርና የራሱ ሊግ ነበረው፤ ቡድኖች ከዚያ ተነሥተው በማጣሪያ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። የገዳሪፉ አል-ሹርጣ በዋናው ሊግ እስከ መሰለፍ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ውድድሮችን አቋረጠ። ሂላልና መሪኽ ስምና አቅም ነበራቸውና እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን በሞሪታኒያ ሊግ ገብተው ተጫወቱ። የከተማ ሊግ ቡድን ግን ወዴት ይሰደዳል? አውሮፕላን የሚያሳፍረው የለም፤ ሀብቱ ሰፈሩና የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ገዳሪፍ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀለውንም፣ ከኢትዮጵያ ተሰድዶ የመጣውንም ያስጠለለች ከተማ ናት። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የዓርብ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም። ሐበሻውና ሱዳናዊው የመኖሪያ ወረቀት ሳይጠያየቁ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቦታ ከሜዳው ሌላ ብዙ የለም።

እንግዲህ በሮቹ በሚከፈቱበት ሁሉ ዋጋው በምን ይተመን? ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ትምህርት አለ፤ ከስክሪኑ ሳይሆን ከአራተኛው እርከን። ብራድፎርድ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደዚያ እርከን በወረደ ጊዜ የዓመት መግቢያ ዋጋውን በእጅጉ ቀነሰ። ቡድኑ ወርዶ ሳለ በዚያ የውድድር ዘመን በአማካይ ከ13,000 በላይ ተመልካች ሜዳውን ሞላው። ባዶ ወንበር በውድ ከመሸጥ የሞላ ወንበር በርካሽ መሸጥ እንደሚሻል ለማወቅ የገዳሪፍ ነጋዴ ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ የሰሊጥ ገበያው ዕለት ዕለት ያስተምረዋል።

ስለዚህ የታችኛው ሊግ መግቢያ ከአንድ ሳህን ፉልና ከአንድ ብርጭቆ ሻይ መብለጥ የለበትም፤ ሕፃናትም በነፃ ይግቡ፤ የነገው ከፋይ እነርሱ ናቸውና። በምላሹ ክለቡ አራት ነገር ይክፈል። ጨዋታው በተባለው ሰዓት ይጀመር። ውኃና ጥቂት ጥላ ይኑር። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ያለው ትኬት ይቆረጥ። በወቅቱ መጨረሻም ስንት ገባ፣ በምን ወጣ የሚል አንድ ወረቀት በዚያው በገንዘብ መቀበያው በር ላይ ይለጠፍ። ከነዚህ አንዱም ሀብት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሐቀኝነት ነው። ይህን የማያደርግ ክለብ በነፃ ቢያስገባም ውድ ነው፤ የሚያደርግ ክለብ ግን የከፈለውን ሰው ከማንም አላንስም እያሰኘ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል።