ማን ምን ያድርግ?

ባለትዳሮች፣ በቤታችሁ ሰው በድንገት ወድቆ ቢጠሩት ባይሰማ፣ ትንፋሹም ቢቆም ማን ምን እንደሚያደርግ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ከብበን እንጮኻለን፣ ውሃ እንረጫለን። (እኔም ከረጪዎቹ ነበርኩ።) ጸሎትስ? እየተጫኑም ይጸለያል።

በሆስፒታል መሪው እጁን ሳያስገባ ቆሞ ያዛል፤ አንዱ ደረት ይጫናል፣ ሌላው ትንፋሽ ይሰጣል፣ ሌላው ሰዓት ይይዛል። የታዘዘውም «እሺ» ይላል፤ ሲጨርስ «አድርጌአለሁ» ብሎ ያሳውቃል። የአዋቂ ሰው ደረት መካከሉ ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫናል። ይህ ጉልበት ይጨርሳል፤ ስለዚህ በየ2 ደቂቃው ይቀያየራሉ።

እኛ ቤት ባለቤቴ ይጫናል፤ እኔ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውዬ፣ የግቢውን በር ከፍቼ እተካዋለሁ። እርሱ ራሱ ቢወድቅስ? ያንን ገና ትናንት ማታ ከትልቋ ልጃችን ጋር ተከፋፈልን።