ከምርመራው በፊት ምክክር ይቅደም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ብሂሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን «ምርመራ ሁሉ ጥቅም ብቻ አለው» ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን አይገባም። ምልክት በሌላቸው ወንዶች ላይ የሚደረገው የፕሮስቴት ካንሰር የደም ምርመራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ የወንዶች ዕጢ ሲሆን፣ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል። ይህ ፕሮቲን በደም ውስጥ ሲበዛ ካንሰርን ሊጠቁም ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዕድሜ የሚመጣ የዕጢው ማደግና ኢንፌክሽንም ያበዙታል። ከሚገኙት ካንሰሮችም ብዙዎቹ እጅግ አዝጋሚ ናቸው። እነዚህን ቸኩሎ ማከም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም ሆነ ጨረሩ ሽንትን ለመቆጣጠር መቸገርንና የወሲብ ድክመትን ሊያስከትል ይችላልና።

በአውሮፓ ከ160 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ23 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ውጤት በ2025 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚህ መሠረት ለምርመራ ከተጋበዙ 456 ወንዶች አንዱ በፕሮስቴት ካንሰር ከመሞት ተርፏል። ለእያንዳንዱ የተረፈ ሰውም 12 ተጨማሪ ወንዶች ካንሰር እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ሁለቱን መዝኖ መወሰን ያለበት መዘዙን የሚሸከመው ሰው ነው።

አንድ ጤነኛ የ60 ዓመት የሐይቅ ገበሬ እናስብ። ደም መስጠቱ ቀላል ነው። ውጤቱ ከፍ ቢል ግን መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደሴ፣ ምናልባትም እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ይህን ማወቅ ያለበት መርፌው ከመወጋቱ በፊት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሐኪም ያዝዛል፤ ታካሚም ይፈጽማል። ለመሬት ድንበርና ለጋብቻ ሽማግሌ አስቀምጦ የሚመክር ማኅበረሰብ ስለ ገዛ አካሉ ለምን ሳይመክር ይወስናል?

ውድ ተማሪዎች፣ አባቶቻችሁን ወደ ሐኪም ስትሸኙ ሦስት ጥያቄዎችን አንሡ። ምርመራው ለእርሳቸው ምን ይጠቅማል? ምንስ ሊያስከትል ይችላል? ካንሰር ቢገኝስ ወዲያው ሳይታከሙ በክትትል መቆየት ይቻላል? በቤተሰብ በሽታው ካለም ሥጋቱን ስለሚጨምር ለሐኪሙ ንገሩ። ሽንት የሚያስቸግራቸው ወይም ደም የታየባቸው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳይዘገዩ ይታዩ።

ሐኪሙ ዕውቀቱን፣ ታካሚው የኑሮውን ሚዛን ይዘው ይቀመጡ። መመርመርም አለመመርመርም ተገቢ ውሳኔ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።