ትዝታ መዝገብ አይሆንም

ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የመጀመሪያ ዓመታት ሲነሣ በየስብሰባውና በየቡና ቤቱ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ድሮ ቀረ!» ይባላል። ራስ ይነቀነቃል፤ የአባባ ተስፋዬ ስም ይጠራል፤ ጥቁርና ነጩ መስኮት ይወደሳል፤ የዛሬው ይወቀሳል። ከዚያም ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው በዚሁ ልማድ ላይ ነው። ትዝታ የሚያሞቀው ያየውን ሰው ብቻ ነው። ላላየው የሚተርፈው መዝገብ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ የናፈቅነውን ያህል አልመዘገብንም።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ተቀባዩ መሣሪያ በጥቂት ቤቶች ብቻ ይገኝ ስለ ነበር የባለ ቴሌቪዥኑ ሳሎን የሰፈር ልጆች ጉባኤ ሆነ። ቀለም በመደበኛነት የመጣው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በተመሠረተበት ወቅት፣ በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በእነዚያ ሃያ የጥቁርና ነጭ ዓመታት ለአዲሱ መሣሪያ አማርኛ ያስተማሩት እነማን ነበሩ? ከግንባር ቀደሞቹ መካከል የቴአትር ቤት ሰዎች ይገኛሉ።

ለዚህም ከተስፋዬ ሣህሉ የበለጠ ምስክር አያሻም። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተወለዱት እኚህ ሰው፣ ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ለብሰው የተወኑ፣ ሙዚቃውንም ምትሐቱንም የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ። ቴሌቪዥን ሲከፈት የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ፤ መንግሥታት ሲፈራረቁ እርሳቸው እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ቆዩበት። ሥራቸውን አቅልለው የሚያዩ ሰዎች «ተረት ነጋሪ» ብለው ያልፏቸዋል። ይህ አለማስተዋል ነው። ተረት በምድጃ ዳር ሲነገር አድማጩ ከጎን ነው፤ ተራኪው የልጁን ዐይን እያየ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ካሜራ ግን አይስቅም፣ አይፈራም፣ አያዛጋም። አባባ ተስፋዬ ያንን ደረቅ መስተዋት እንደ ሕፃን አነጋገሩት፤ በየቤቱ የተቀመጠውም ልጅ ለብቻው የተጠራ መሰለው። ይህ ትወና ነው፤ ሊጠናና ሊወረስ የሚገባው ከፍተኛ ትወና።

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አዘነ። ታዲያ አንድ ወጣት ተዋናይ ዛሬ መጥቶ «በ1960ዎቹ እንዴት አድርገው እንደ ሠሩት አሳዩኝ» ቢል በእጁ የምናኖርለት ምንድን ነው? እዚህም እዚያም የሚዘዋወር ቁርጥራጭ ምስል ነው። ቀኑ አልተጻፈበትም፤ የአዘጋጁም የካሜራ ሠራተኛውም ስም የለበትም። ሐዘናችን ሙሉ ነበር፤ ውርሳችን ግን ጎደሎ ሆነ።

በዚህ ጉዳት ብቻችንን አይደለንም። ዱሞንት የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድርጅት ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ሲዘጋ ካስተላለፈው አብዛኛው ጠፍቷል። በአንጻሩ በ1951 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለው አስቂኝ ድራማ ከመነሻው በፊልም ስለ ተቀረጸ የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ይስቁበታል። የጠፋውም የተረፈውም የአንድ ዘመንና የአንድ ሕዝብ ሥራ ነው፤ የለያቸው አያያዝ ነው። ኪሳራው ስለ ገባቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ የብሮድካስት ሙዚየም አቋቋሙ፤ ማንም ሰው ገብቶ የቀድሞውን ፕሮግራም ተቀምጦ የሚያይበት ቤት ነው።

እስኪ አሁን ወደ ገዛ ኮረብታችን እንመለስ። በእንጦጦ ማርያም ሙዚየም የምኒልክና የጣይቱ አልባሳት ተጠብቀው ይታያሉ። በዚያው በእንጦጦ ራስ ላይ የኮከብ መመልከቻ ቆሟል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ህዋ የተላከችው ሳተላይታችን መቆጣጠሪያም እዚያው ነበር። ሰማዩን ለማየት ዐቅም አላነሰንም ማለት ነው። ከኮረብታው ግርጌ፣ በየካ፣ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮተቤ አለ፤ ኮከበ ጽባሕን የመሰለ አንጋፋ ትምህርት ቤት አለ። ከፈረንሳይ እስከ መገናኛ፣ ከሾላ እስከ ኮተቤ በየቤቱ ቴሌቪዥን ይበራል። ከኮተቤ ወጥቶ ሕፃናትን የሚያስተምር መምህር ግን የአባባ ተስፋዬን የአተራረክ ስልት እንደ ትምህርት የሚማርበት፣ በቅደም ተከተል የተሰናዳ ክምችት በመማሪያ ክፍሉ አላቀረብንለትም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን የአማርኛ ድምፅ አልብሶ ሲመጣ ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰሙ። ሥጋቱ መሠረት ነበረው፤ ክርክሩ ግን ግማሽ ነበር። የባዕዱን በር ለመዝጋት የተነሣ ሰው የራሱን ጎተራ ቀድሞ ሊከፍት ይገባዋል። ከመምህርነት የመጣችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር በአሻንጉሊት የሠራችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1990ዎቹ መገባደጃ በአገራችን ቴሌቪዥን ቀርቦ ዓለም አቀፉን የጃፓን ሽልማት አገኘ። በአገር ቋንቋ ለአገር ልጅ መሥራት እንደሚቻል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

«የቀድሞው ቴሌቪዥን የቤተ መንግሥት፣ ኋላም የደርግ አፈ ቀላጤ ነበር፤ ምኑ ይጠበቃል?» የሚሉ አሉ። እንዲያውም በዚሁ ምክንያት ይጠበቅ! ሥልጣን በየዘመኑ እንዴት እንደ ተናገረ ያላየ ትውልድ ዛሬ ሲነገረው አይለይም። «ገንዘብ የለም» የሚሉም አሉ። በዘመኑ የሠሩትን ተዋንያን፣ የካሜራና የድምፅ ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ቃላቸውን ለመቅዳት በኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል። የሚያንሰን ፈቃድ ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። የተረፈው ካሴትና ፊልም ቀኑና የሠሪዎቹ ስም ተጽፎበት ይዘርዘር፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይገለጥ። በየካ ካሉት ትምህርት ቤቶችና የባህል አዳራሾች ቢያንስ በአንዱ የማያ ክፍል ይከፈት። የመምህራን ማሠልጠኛው የልጆችን ክፍለ ጊዜ እንደ ጥበብ ሥራ ያስጠና። ካድሬው ያስፈጽም፤ መምህሩ ይጠይቅ፤ አርቲስቱ በእጁ ያለውን ይዞ ይምጣ።

ቴሌቪዥናችን 60 ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ሸምግለዋል፤ ሠሪዎቹም እያለፉ ነው። «ድሮ ቀረ» እያልን በተቀመጥን ቁጥር ድሮ የሚቀረው በእኛው እጅ ነው።